በምርቃት ሰሞን ከግቢ በር ላይ ድንኳን ለሚጥሉ ፎቶ ቤቶች ሙሉ ክፍያ አትክፈሉ

በዚህ የምርቃት ሰሞን ልጁን፣ እህቱን ወይም ወንድሙን ለማየት ወደ አራት ኪሎና ወደ ስድስት ኪሎ ግቢዎች የሚመጣ ቤተሰብ ሁሉ ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት ይህንን እንዲያነብልኝ እፈልጋለሁ። ንዴቴ ገና ስላልበረደ አነጋገሬ ቢከርር ይቅርታ አልጠይቅም። ገንዘባችንን የወሰዱት ባለፈው ቅዳሜ ቢሆንም ያዋረዱን ግን ዛሬ ነው።

ዓይነታቸውን ታውቋቸዋላችሁ። ገና ሳይነጋ ድንኳን ጥለው፣ ባነር ሰቅለው፣ ጋዋንና ቆብ በመስቀያ ደርድረው ይጠብቃሉ፤ አንገታቸው ላይ ባጅ ያንጠለጠሉ ወጣቶችም ከታክሲ የሚወርደውን ሰው ሁለተኛ እግሩ መሬት ሳይነካ የአበባ እቅፍ አስይዘው ወደ ድንኳኑ ያስገቡታል። ባጁ ላይ የተጻፈውን የሚያነብ የለም፤ እኔም የግቢው አስተናጋጆች ናቸው ብዬ ነበር። የአገር ልብስ የለበሰች እናት ካዩና ከክፍለ ሀገር መምጣቷን ካወቁ ደግሞ ከሁሉም አስቀድመው የሚሮጡት ወደ እሷ ነው። ከደብረ ብርሃን የመጣችውን እናቴን ይዤ የታናሽ እህቴን ምርቃት ለማየት በሩ ላይ ስደርስ የገጠመኝም ይኸው ነው።

ውሉ በቃል ሲነገር ያማረ ነበር። በ6,500 ብር ግቢው ውስጥ፣ አራት ኪሎ ሚያዝያ 27 አደባባይ እና ስድስት ኪሎ የካቲት 12 ሐውልት ሥር ፎቶ ያነሱናል፤ አንድ አልበም፣ አንድ 50 በ60 ፍሬም፣ እንዲሁም የሁሉንም ፎቶ ሶፍት ኮፒ ይሰጡናል። ቀብድ እንስጥ ስንል «ዛሬ ሰው ስለሚበዛ ቀብድ አንቀበልም» ብለው ሙሉውን በቴሌብር አስከፈሉን። የሰጡን ደረሰኝ ማኅተም ያረፈበት፣ በእስክሪብቶ «ፓኬጅ 2» ተብሎ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ስልክ ይዞ መግባት ዘንድሮ ስለተከለከለ በፍተሻ እንዳይወሰድብን እነሱ ዘንድ እንድናስቀምጥ መከሩን። ፍተሻው በሚጠብቅባቸው ጊዜያት ይህ እውነት ሆኖ ስለሚያውቅ የሚጠራጠር ሰው አይኖርም። ስልኮቻችንን ቁጥር በተለጠፈበት ከረጢት ከትተን ገባን። ሜዳው ላይ ስንደርስ ግን ከአያት እስከ ሕፃን ስልኩን ከፍ አድርጎ የማያነሳ ሰው አልነበረም፤ የራሳችን ፎቶ የሌለን እኛና እንደ እኛ በድንኳኑ በኩል ያለፉ ሰዎች ብቻ ነበርን።

ፎቶ አንሺው ቸኩሎ ነበር። አጥር ጥግ አቁሞን ደጋግሞ አነሳና የካቲት 12 አደባባይ ለመሄድ ጊዜ እንደሌለ፣ ሐውልቱን «ከኋላችሁ በኤዲት» እንደሚያስገባልን ነገረን። ይህ ለእናቴ ቀላል ነገር አልነበረም። ሐውልቱ በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ጣሊያኖች የፈጁትን የአዲስ አበባን ሕዝብ የሚያስታውስ ነው፤ የአያቷም ወንድም በእነዚያ ቀናት እንደወጣ ከቀሩት አንዱ ስለነበር ልጇን አስመርቃ እዚያ ሥር መቆም የዓመታት ምኞቷ ነበር።

ዛሬ ፎቶውን ለመውሰድ አራት ኪሎ አካባቢ፣ የአንድ ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ ወዳለው ፎቶ ቤታቸው ሄድን። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ በአንድ እጇ ስልኳን እየነካካች በሌላው ፎቶዎቹን ታሳልፍ ጀመር። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ የፎቶ ቤቱ ስልክ ቁጥር ከጥግ እስከ ጥግ፣ ፊታችን ላይ ሳይቀር ታትሟል። እናቴ ነጠላዋን አውልቃ በጋዋኑ ላይ ለእህቴ ስትደርብላት፣ የእህቴ ቆብ ወደ ጎን ተንሸራቶ ሁለቱም ሲስቁ የሚያሳየው ሲመጣ እናቴ «ይቺን! ይቺን!» ብላ ጣቷን ዘረጋች። ልጅቷ ቀና ሳትል «ስክሪኑን አትንኪ፣ ማዘር» አለቻት። የልጇ ልጅ ልትሆን የምትችል ልጅ እናቴን አንቺ ስትላት ሰማሁ።

ቀጥላም የከፈልነው የማንሻ ብቻ እንደሆነ፣ አልበሙም ፍሬሙም ለብቻ እንደሚከፈልባቸው፣ ሶፍት ኮፒ ደግሞ በፍሬ 150 ብር እንደሆነ ነገረችን። ወረቀቱን አሳየኋት። «ፓኬጅ 2 ይላል፤ ፓኬጅ 2 ማንሻ ነው» አለች። የዋጋ ዝርዝሩ የት እንደተለጠፈ ብጠይቃት በአገጯ ወደ ባዶ ግድግዳ አመለከተች። ድምፄን ከፍ ሳደርግ የኛን ፎልደር መረጠችና ማጥፊያውን ነካችው፤ ኮምፒውተሩም በእርግጥ ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀ። መልሱን ሳትጫን፣ ቀስቱን እዚያው ላይ አቁማ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝና «ካልወሰዳችሁት ይጠፋል፤ ለቅዳሜ ሜሞሪ ያስፈልገናል» አለች። ከኋላዋ አልበም ሲያጣብቅ የነበረው ሰውዬም ከየት እንደመጣን ሰምቶ ኖሮ «ማዘር፣ በዚህ ብር ደብረ ብርሃን ስንት ብርድ ልብስ ይገዛ ነበር?» ብሎ ሳቀ።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ እንደሚያስገድድ፣ ሸማችም ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ነገርኩት። የመለሰልኝ «አዋጁን ፍሬም እናድርግልህ?» ብሎ ነው። እኛ ስንጨቃጨቅ እናቴ ምንም ሳትናገር መቀነቷን ፈትታ 150 ብር አወጣችና የነጠላውን ፎቶ ብቻ ገዛች። ልጅቷ ብሩን ቆጠረችው፤ እንደገናም ቆጠረችው። በቴሌግራም የላከችልን ፎቶ ስልክ ላይ እንኳን ሲያሰፉት የሚደበዝዝ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራቸውን የሚጠብቁት ሌሎች ቤተሰቦችም የያዙት ያንኑ ብጣሽ ወረቀት ነበር፤ ሁሉንም ሰምተው አንዳቸውም ቃል አልተነፈሱም፤ የእነሱም ፎልደር እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ነዋ።

አቤቱታዬን ነገ ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ስለማስገባ የፎቶ ቤቱን ስም እዚህ አልጽፍም። እስከዚያው ግን ስልክ ይከለከል እንደሆነ ባጅ ያንጠለጠለውን ሳይሆን በሩ ላይ የቆመውን የጥበቃ ሠራተኛ ጠይቁ፤ አልበሙን፣ ፍሬሙንና ሶፍት ኮፒውን ደረሰኙ ላይ በስማቸው አስጽፉ፤ ግማሹን ክፍያ ፎቶው እጃችሁ እስኪገባ ያዙት። እምቢ ካሉ አልፋችሁ ግቡ፣ የስልካችሁ ካሜራ ይበቃል። በመጪው ቅዳሜ ሌላ ግቢ በር ላይ እንደሚገኙ ልጅቷ ከአፏ አምልጧት ነግራናለች፤ ባነራቸው ሰማያዊ ነው፣ ከታች በቀኝ በኩል በቢጫ ፊደል «ሶፍት ኮፒ በነጻ» ይላል።