ሳጥን ገልብጠው ተቀምጠው ለጠበቁኝ ጋሼ

ይህን ጽሁፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ምስጋና መጻፍ አልችልበትም። ቅሬታ ቢሆን ኖሮ እስካሁን አሥር ገጽ ሞልቼ ነበር። (ቅሬታም አለኝ፣ እደርስበታለሁ።) አሁን ግን ማኅበራችን ለሚቀጥለው ወቅት አዲስ አባል ሊመዘግብ ነው ሲባል ዝም ማለቱ ነውር መሰለኝ።

ማኅበራችን የአትክልት ማኅበር ነው። ከተማ የምንኖር ሰዎች ተሰባስበን ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ አንድ እርሻ ጋር ተስማምተናል። ወቅቱ ሳይጀምር ድርሻችንን እንከፍላለን። ከዚያ በየሳምንቱ ረቡዕ እርሻው የሰጠውን ተከፋፍለን እንወስዳለን። ብዙ ከሰጠ ብዙ፣ ትንሽ ከሰጠ ትንሽ። አለቀ፣ ይኸው ነው። በማኅበረሰብ የሚደገፍ እርሻ ይሉታል፤ እኛ ግን "ሳጥኑ" ነው የምንለው። "ሳጥኑን ወሰድሽ?" "ሳጥኑ ዛሬ ከባድ ነው።" እንዲህ።

እዚህ ከመድረሴ በፊት ያየሁትን ካልነገርኳችሁ ግን ምስጋናዬ ለምን እንዲህ እንደበዛ አይገባችሁም።

መጀመሪያ ቤት ድረስ የሚያመጣ ድርጅት ጋር ተመዘገብኩ። ፎቶው ላይ ጤዛ ያረፈበት ሰላጣ ነበር። በሬ ላይ የደረሰው ግን ታሽቶ የተጣለ ወረቀት ይመስል ነበር። ደወልኩ። "ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን" አሉኝ። በሳምንቱም ያው። እንደገና ደወልኩ። እንደገና አመሰገኑኝ። እንደዚያ ተመስግኜ አላውቅም።

ቀጥሎ "ከእርሻ በቀጥታ" የሚል ትልቅ ጽሁፍ የለጠፈ ሱቅ አገኘሁ። ደስ ብሎኝ ወራት ገዛሁ። አንድ ቀን ከካርቶኑ ሥር የጅምላ አከፋፋይ ምልክት አየሁ፤ ለካ ቲማቲሙ ከእኔ ይልቅ ብዙ አገር አይቷል። ሻጩን ስጠይቀው "እሱም እኮ እርሻ ላይ ነው የበቀለው" አለኝ። ምን ትሉታላችሁ?

ሦስተኛው ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ልክ እንደ አሁኑ ማኅበራችን ነን የሚሉ ሰዎች ነበሩ። የወቅቱን ክፍያ በአንድ ጊዜ ተቀበሉ። አምስት ሳምንት በደንብ አመጡ። በስድስተኛው "መኪና ተበላሽቷል" አሉ። በሰባተኛው መልስ የለም። በስምንተኛው ስልኩ ዝግ። ገንዘቡ ብቻ ቢሆን እረሳው ነበር። የሥራ ባልደረቦቼን አሳምኜ ያስገባኋቸው እኔ ነበርኩ፤ ቢሮ ውስጥ ስንት ወር አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። ስማቸውን አልጠራም። እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ስለዚህ ጎረቤቴ ስለዚህኛው ማኅበር ስትነግረኝ "ተይኝ እባክሽ" አልኳት። እባብ ያየ በልጥ በረየ። አልተወችኝም። ማስተዋወቂያ ቀን አለ ብላ ይዛኝ ሄደች።

እርሻውን የሚያለሙት ባልና ሚስት ናቸው። ሴትየዋን እንደ መርማሪ አፋጠጥኳት። በሳጥኑ ውስጥ ከሌላ ቦታ ተገዝቶ የሚገባ ነገር አለ? ማሳውን መጥቼ ማየት እችላለሁ? ገንዘቡን ለምን ቀድማችሁ ትወስዳላችሁ? አንድ በአንድ መለሰች። ዘሩም፣ ችግኙም፣ የሠራተኛውም ደመወዝ ወጪ የሚሆነው ገና ምንም ሳይሸጥ ነው፤ ያኔ ከአባላት ካላገኘን ከባንክ ነው የምንበደረው አለች። ይህ ገባኝ። በመጨረሻ "ሰብሉ ቢበላሽስ?" አልኳት።

"ይበላሻል" አለች። "አንዳንዱ በየዓመቱ ይበላሻል። ያኔ ሳጥኑ ይቀላል። ገንዘብ አንመልስም።"

ተመዘገብኩ። ጎረቤቴ እስከ ዛሬ ትገረማለች። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ አንድ ነገር ገብቶኛል። ያታለሉኝ ሰዎች አንዳቸውም "ልትከስሪ ትችያለሽ" ብለውኝ አያውቁም ነበር።

የዚያን ዕለት ታሪኩንም ትንሽ አጫወቱን። ነገሩ አዲስ አይደለም ለካ። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ ልጆቻቸው የሚበሉት ነገር ያሳሰባቸው እናቶች ከገበሬዎች ጋር በቀጥታ መዋዋል ጀምረው ነበር፤ "ቴይኬይ" ይሉታል። ስዊዘርላንድ ጄኔቫ ላይ በ1978፣ አሜሪካ ደግሞ በ1986 ሁለት እርሻዎች ጀመሩት፤ ፈረንሳዮቹ በ2001 ተከተሉ። ባልየው ይህን ሲናገር አፈር የያዘ ጥፍሩን እየፈገፈገ ነበር። ዓመተ ምህረቶቹን የጻፍኩት እሱ በሰጠን ወረቀት ጀርባ ላይ ነው፤ ፊቱ ላይ የካሮት ሥዕል አለበት።

የፈራሁት በመጀመሪያው ወቅት ደረሰ። ዝናቡ አላቋርጥ አለ። ብርድም ተጨመረበት። ቲማቲሙን በሽታ ገባው። ስሙን ነግረውን ነበር፣ ረስቼዋለሁ፤ የማውቀው ድንችንም እንደሚይዝና ቅጠሉን በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደሚያጠቁረው ነው። ያ ሁሉ ማሳ! በዚያው ምሽት መልእክት ላኩልን። "ቲማቲሙ አልቋል። ዛሬ ነቅለን ማስወገድ ጀምረናል። ድንቹን ቀድመን እናወጣለን፣ ስለዚህ ትንንሽ ይሆናል። ነገ ማየት የሚፈልግ ይምጣ።" ይቅርታ እንኳን አላበዙም።

ከእኛ የተወሰንነው ሄድን። ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት። ያን ቀን ድንች ስለቅም የተሰማኝን ነገር ለማስረዳት አልችልም። ስልኬ ላይ "ይህ ቁጥር አገልግሎት አይሰጥም" የሚለውን ድምፅ ስንት ጊዜ የሰማሁ ሰው ነኝ። አሁን ግን የከሰሩት ሰዎች ከፊቴ ቆመው "ጫማሽን አፈር እንዳይገባው ፌስታል እሰሪበት" ይሉኛል።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ።

ጋሼ የመረከቢያ ቦታችን አስተባባሪ ናቸው። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ "ሥራዬ ሳጥን መቁጠር ነው፣ ምን ይጻፋል" ነው ያሉኝ። ረቡዕ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ነው የምንረከበው። ከዚያ በኋላ ያልተወሰደ ሳጥን ለተቸገሩ ለሚያበስሉ ሰዎች ይሰጣል። ሕጉ ይህ ነው፤ ስንመዘገብ ፈርመንበታል።

አንድ ረቡዕ ጠዋት እናቴ ወደቀችብኝ። ሆስፒታል ወሰድኳት። ቀኑ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ሳጥን ትዝ ሊለኝ ቀርቶ የራሴንም ምሳ ረስቻለሁ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬን ሳየው ከማላውቀው ቁጥር ሦስት ጥሪ አምልጦኛል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ደወልኩ።

"ልጄ፣ ሳጥንሽ እዚህ አለ። ቀርተሽ ስለማታውቂ ነው። ደህና ነሽ?"

"ይቅርታ ጋሼ፣ እናቴ ታማብኝ ሆስፒታል ነኝ። ለሰው ይስጡት።"

ትንሽ ዝም አሉ። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

"ስትመለሺ በዚህ በኩል ነው የምታልፊው። እኔ እዚሁ ነኝ።"

ኧረ ይሂዱ፣ መሽቷል፣ ብርድ ነው አልኳቸው። "እሺ እሺ" ብለው ዘጉት። የሄዱ መሰለኝ።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል አለፍኩ። መንገዱ ጭር ብሏል። ጋሼ ባዶ ሳጥን ገልብጠው ተቀምጠዋል፣ ሹራባቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው። የእኔ ሳጥን አጠገባቸው። ይቅርታ መጠየቅ ስጀምር አቋረጡኝ። "ቤትም ብሄድ ያው ቁጭ ነው የምለው" አሉ።

የካሮቱን ቅጠል ቆርጠውልኛል። "ተያይዞ ካደረ ቅጠሉ የሥሩን ውኃ ይመጠዋል፣ ካሮትሽ ይልፈሰፈሳል።" ሰላጣውን በራሳቸው እርጥብ ጨርቅ ጠቅልለውታል። ቢጠወልግ እንኳ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ካቆየሁት ቀና እንደሚል ነገሩኝ። (እውነት ነው። ሞክሩት።) ከዚያ ሌላ ፌስታል አወጡ። ሰው የማይፈልገውን ትቶ የሚፈልገውን የሚያነሳበት የመለዋወጫ ሳጥን አለን። ከዚያ ዱባና ባሮ ሽንኩርት መርጠው አስቀምጠዋል።

"እናትሽ ማኘክ ካቃታት ቀቅለሽ ፍጪላት። ለስላሳ ነው።"

ቀኑን ሙሉ ሐኪም ፊት ያላለቀስኩት እኔ እዚያ መንገድ ዳር ባሮ ሽንኩርት ታቅፌ አለቀስኩ። ጋሼ ዞር ብለው ባዶ ሳጥኖች መደርደር ጀመሩ። የተደረደረ ሳጥን ነበር፤ አፍርሰው እንደገና ደረደሩት። ስለ በሽታዋ አልጠየቁኝም። አይዞሽም አላሉኝም። ስጨርስ ሳጥኑን ይዘው መኪናዬ ድረስ ሸኙኝ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ስመጣ አንድ ቃል ብቻ ጠየቁኝ።

"በላች?"

"በላች ጋሼ።"

ስሜን ከዝርዝሩ ላይ ሰረዙና ወደሚቀጥለው ሰው ዞሩ።

እናቴ አሁን ደህና ናት፣ ተመስገን። እንዲያውም ረቡዕ ረቡዕ አብራኝ ትመጣለች። እሷና ጋሼ ስለ ድንች አቀማመጥ ይከራከራሉ። ድንች ጨለማ ቦታ መሆን እንዳለበት ይስማማሉ፣ ብርሃን ካየ አረንጓዴ ይሆናል፣ አይበላም። የሚጣሉት በሽንኩርቱ ነው። እናቴ አንድ ላይ ታስቀምጣለች። ጋሼ አንዱ ሌላውን ያበላሻል ይላሉ። እኔ ጣልቃ አልገባም።

እባካችሁ ግቡ። ደግሜ እላለሁ፣ ግቡ። ግን ሳታውቁ እንዳትገቡ፣ ከእኔ ተማሩ። ሳጥኑ ውስጥ የሚገባውን እናንተ አትመርጡም። ቀይ ሥር የማይወድ ሰው ቀይ ሥር ይደርሰዋል። ሰላጣው አፈርም፣ አንዳንዴ ቀንድ አውጣም አለው። በወቅቱ ሁለት ቀን ማሳ ወጥታችሁ ትሠራላችሁ፤ ወገባችሁን ያማችኋል። ቤተሰባችሁ ትንሽ ከሆነ በግማሽ ድርሻ ጀምሩ። እኔ በጉጉት ሙሉ ወስጄ የመጀመሪያውን ወር ጥቅል ጎመን ለጎረቤት ሳድል ከረምኩ። የምታበስሉበት ጊዜ ከሌላችሁ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይቅርባችሁ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲበሰብስ ማየት ይከነክናል፤ የዘራውን ሰው ስታውቁት ደግሞ ይብሳል።

ሌላ ማኅበር የምትሞክሩ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ማሳውን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። "ሌላ ጊዜ" ካሉ ሌላ ጊዜ ክፈሉ። ሰብሉ ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ጠይቁና ፊታቸውን እዩ። "እኛ ጋ አይበላሽም" ያላችሁን ሰው አትመኑ። ያን ሰው እኔ አውቀዋለሁ።

ለባልና ሚስቱ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እጃችሁ ይባረክ። ዘንድሮ ቲማቲሙ እንዴት ያምራል!

ለጋሼ ምን ልበል። የጠቀለሉልኝ ጨርቅ እስካሁን እኔ ጋ ነው። ሦስት ጊዜ አጥቤ መለስኩላቸው፣ ሦስቴም ሰላጣ ጠቅልለው ሰጡኝ።

ምዝገባ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ መረከቢያ ቦታውንና የማስተዋወቂያውን ቀን እልክላችኋለሁ። ቦታው ውስን ነው፣ እርሻው ትንሽ ነው። ዝኩኒ የሚወድ ሰው ካለ ደግሞ ምዝገባ አይጠብቅ፣ ዛሬ ማታ ይምጣልኝ። አሥራ አንድ አለኝ።