ድሬ ላይ «ኦሪጅናል ላይሰንስ» የምትገዙ፣ ቆይ አንዴ

ደሜ ገና አልበረደም። ለድረ ገጽ መሥሪያ የሚሆን ላይሰንስ ከሸጠልኝ ሱቅ ተመልሼ፣ የተበላሸውን አስተካክዬ ቁጭ እንዳልኩ ነው የምጽፈው። ነገ ሌላ ልጅ 12,000 ብሩን ይዞ እዚያው ባንኮኒ ፊት እንዳይቆም ብዬ ነው።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ከዚራ ውስጥ ላፕቶፕ ይሸጣሉ፣ ፕሪንተር ይጠግናሉ፣ ቀለም ይሞላሉ። ከጎን ደግሞ ሆስቲንግ (ለድረ ገጽ የሰርቨር ቦታ)፣ ዶሜይን (የድረ ገጽ አድራሻ) እና «የዕድሜ ልክ ላይሰንስ» የሚባል ጥቅል አላቸው። እኛም ወደን አይደለም የምንሄደው። የፕለጊን (ለድረ ገጽ ተጨማሪ ሥራ የሚሰጥ ፕሮግራም) እና የቴም (የገጹን መልክ የሚሰጥ) ኩባንያዎች የሚቀበሉት የዶላር ካርድ ነው። ይሄ ካርድ ያለው ስንቱ ነው? ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ዶላሩ ሰማይ ነክቷል። ስለዚህ «እኛ በዶላር ከፍለናል፣ አንተ በብር ክፈለን» የሚል ሰው ሲገኝ ሁሉም ይሄዳል። ብሩን በቴሌብር ላክሁ፣ ቴሙ በዚፕ ፋይል በቴሌግራም መጣ። የተለመደው ነው።

ሥራው ሳቢያን ላለ ፔንሲዮን ነው። ባለቤቷ እትዬ የምላቸው ሴት ናቸው። ከጅቡቲ የሚመጡ እንግዶቻቸው በስልካቸው ክፍል እንዲይዙ ፈልገው ነበር። ዎርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ፣ በዚያው በገዛሁት ቴም ሠራሁላቸው፣ ገጹ አማረ፣ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ አንድ ደንበኛዬ ሊንኩን ስነካው ቁማር ነው የሚመጣልኝ አለኝ። ምን ጉድ ነው?» ድምፃቸው ውስጥ የነበረው እፍረት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ላፕቶፔ ላይ ከፈትኩት፣ ምንም የለም። ጎብኚን ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ድብቅ ኮድ አድሚን (የገጹ አስተዳዳሪ) ሆኖ ለገባ ሰው ብዙ ጊዜ ራሱን አያሳይም። ስለዚህ ብራውዘርን በትእዛዝ በሚያንቀሳቅሰው ፕሌይራይት ትንሽ ቴስት ጻፍኩ። ብራውዘሩ ስልክ መስሎ፣ ከጎግል ፍለጋ የመጣ መስሎ ገጹን እንዲከፍትና ስክሪንሾት እንዲያነሳ አዘዝኩት። የክፍሎቹ ፎቶ መሆን በነበረበት ቦታ ላይ የውርርድ ገጽ ተደርድሮ አገኘሁት። የእትዬ የቤት ስም ላይ!

በዚሁ ንዴት ሱቅ ሄድኩ። ብሬን ሲቀበል «ወንድሜ፣ ወንድሜ» ሲለኝ የነበረው ልጅ ቀና ብሎም አላየኝም። ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የሸጥክልኝ ቴም የደንበኛዬን እንግዶች ሌላ ገጽ እየወሰዳቸው ነው።» አድራሻውን በሱቁ ኮምፒውተር ጻፈ። ገጹ ምንም ሳይሆን ተከፈተ። ስክሪኑን ወደ እኔም ፎቶ ኮፒ ወደሚጠብቁት ሰዎችም አዞረው። «ይኸው ይሠራል! ምን ሆነህ ነው አንተ?» ከኋላዬ ሳቅ ተሰማ። «በስልክህ ክፈተው» አልኩት።

እዚች ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ስልኩ እጁ ላይ ነበር። እኔን አየኝ፣ ስልኩን አየው፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ባንኮኒው ላይ ደፋው። አልከፈተም። «አቦ አታካብድ! ዎርድፕረስ ነፃ አይደል እንዴ? ሁሉም ጂፒኤል ነው። ማጽዳት ከፈለግክ 4,000 ብር፣ ዛሬውኑ ይደርስልሃል።»

ማጽዳት! እኔ እኮ ቫይረስ የሚል ቃል ገና ከአፌ አልወጣም። ምን እንደሚጸዳ ያወቀው ምን እንደሸጠልኝ ስለሚያውቅ ነው። መርዙን ሸጦ ማርከሻውንም ሊሸጥልኝ! ደረሰኙን ሳወጣ ረዳቱ ነጥቆኝ አነበበው። «የሶፍትዌር አገልግሎት» ይላል፣ ሌላ ነገር የለውም። «ላይሰንስ የሚል የታለ?» ብሎ በሁለት ጣቱ መለሰልኝ።

ስለ ጂፒኤል፣ ማለትም ማንም ኮዱን እንዲጠቀምና እንዲያባዛ ስለሚፈቅደው ፈቃድ፣ ያለው ግማሽ እውነት ነው፣ ያናደደኝም እሱ ነው። ዎርድፕረስ ከወጣበት ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነፃ ነው፤ ፈቃዱም ኮዱን ማባዛት አይከለክልም። ገንዘብ የምንከፍለው ለአፕዴቱና ለድጋፉ ነው፣ እሱን ደግሞ አልሰጠኝም። ኮዱ ውስጥ የቁማር ነጋዴ በር መክፈት ግን በየትኛው ፈቃድ ነው የተጻፈው?

ቤት ገብቼ በቴሌግራም የላከልኝን ዚፕ ሳልጭነው ፈታሁት። ቴሙ ውስጥ «ክላስ ዶት ቴም ሞጁልስ» (class.theme-modules.php) የሚባል ባዕድ ፋይል ተቀምጧል። ቴሙ ሲነሳ የሚነበበው የፈንክሽንስ ፋይል የመጀመሪያ መስመር ደግሞ እሱን ይጠራል። ሰርቨሩ ላይ «ደብሊውፒ ቪሲዲ» (wp-vcd.php) የሚባለውን ፋይል የወለደው ይሄ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የዎርድፕረስ ደህንነት ኩባንያው ዎርድፌንስ በስፋት የዘገበው፣ በክራክ (ላይሰንሳቸው ተሰብሮ በሚሰራጩ) ቴምና ፕለጊን የሚዛመተው ያው ቫይረስ ነው። አንዱን ቴም ብታጠፉት አይለቅም። ሌሎቹን ቴሞች ይበክላል፣ በዚያው ሆስቲንግ ላይ ወዳሉ ሌሎች የድረ ገጽ ጣቢያዎችም ይሻገራል። የሌላ ደንበኛዬን ጣቢያ ሳይቀር ከባክአፕ መልሼ፣ የይለፍ ቃሉን ሁሉ ቀይሬ ነው የተገላገልኩት። እትዬ እንግዶቻቸውን አንድ በአንድ እየደወሉ ይቅርታ ጠይቀዋል። ይሄን ማን ይከፍላቸዋል?

ላይሰንስ የሚሸጥላችሁ ሰው የላይሰንሱን ቁልፍ (ኮዱን) በራሳችሁ ኢሜይል ካላስመዘገበላችሁ አትክፈሉ። ከዎርድፕረስ የራሱ ማከማቻ የሚወርዱት ነፃ ፕለጊኖች ለብዙ ሥራ ይበቃሉ። ከዚህ ዓይነት ሱቅ የገዛችሁ ካላችሁ ደግሞ «ደብሊውፒ ኢንክሉድስ» (wp-includes) ፎልደር ውስጥ «ደብሊውፒ ቪሲዲ» ያልኳችሁን ፋይል አሁኑኑ ፈልጉ፤ ጣቢያውንም ሎግ አውት አድርጋችሁ በስልክ፣ በጎግል በኩል ክፈቱት። ካገኛችሁት ዚፑን እንዳታጠፉት። የእኔ ዚፕ፣ ደረሰኝና የቴሌብር መልእክት አብረው ተቀምጠዋል፤ ለንግድ ቢሮ ልወስዳቸው ነው፣ ብዙ ሆነን ብንቀርብ ደግሞ ይሻላል።