«ድንጋዩን ቀይሩት» ቢሏችሁ ቶሎ አትክፈሉ

ትንሽ የእጅ ባትሪ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ወይም ገዝታችሁ ብልጭ ድርግም እያለ የሚያናድዳችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡ። በተለይ ደግሞ ሻጩ ሌላ ዕቃ ሊጨምርላችሁ እያባበለ ከሆነ።

የእኔዋ ጠረጴዛ ላይ ስትቀመጥ ምንም አይላትም ነበር። ይዣት ስራመድ ግን ትጠፋለች፤ በመዳፌ መታ ሳደርጋት ቦግ ትላለች። ወስጄ መለስኳት። ሻጩ እጅ ላይ ስትደርስ እንደ አዲስ በራች። «ይኸው ትሠራለች እኮ!» አለኝ። አጠፋት፣ አበራት፣ አሁንም ሠራች። ከዚያ «ድንጋዩ ነው የደከመው፤ ይሄኛውን ውሰድና ጉድ በል» ብሎ የሚይዘው ኃይል 9900 ነው የሚል ጽሑፍ ያለበት ሊትየም ድንጋይ አወጣ። ላስጠነቅቃችሁ የፈለግኩት ስለዚህ ሁለተኛ ሽያጭ ነው። የመጀመሪያው ዕቃ ብልሽት ለሁለተኛው ዕቃ ማሻሻጫ ይሆናል።

ድንጋይ ሲደክም ብርሃኑ ይደበዝዛል፤ ወይም ጨርሶ ይጠፋል። አንዳንድ የእጅ ባትሪዎች ድንጋዩ ሊያልቅ ሲል ሆን ብለው ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ይሄ ማስጠንቀቂያ እንጂ ብልሽት አይደለም። ይህን የሚያደርጉት ግን ቁጭ ባሉበትም ነው። መንቀሳቀስ የሚያጠፋው፣ መታ ማድረግ የሚያበራው ከሆነ ጥፋቱ ኮንታክት ነው ብላችሁ ጀምሩ። ኤሌክትሪኩ የሚያልፍበት መንገድ አንድ ቦታ ላይ ላልቷል ወይም ቆሽሿል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። መከላከያ ሰርኪት (ከመጠን በላይ እንዳይሞላ ወይም እንዳይራቆት የሚያቋርጥ) ያለው ሊትየም ድንጋይ ከሌለው ጥቂት ሚሊሜትር ይረዝማል። የረዘመው ድንጋይ ከኋላ ክዳኑ ውስጥ ያለውን ሞላ ጠበቅ አድርጎ ይጫነዋል። ስለዚህ የላላው ኮንታክት ለጊዜው ይገጥምና ብርሃኑ ይረጋል። ሻጩ «አላልኩህም?» ይላል፣ እናንተም ታምናላችሁ። ሞላው ሲረግብ ችግሩ ይመለሳል። ያን ጊዜ ግን ዕቃ መመለሻው ቀን አልፏል።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። አንዳንድ ባትሪዎች ድንጋይ ተገልብጦ ሲገባ እንዳይቃጠሉ በፖዘቲቩ መነካኪያ ዙሪያ የፕላስቲክ ቀለበት አላቸው። ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ ድንጋይ ስታስገቡበት ብረቱን በደንብ አይነካም። ጫፉ ወጣ ያለ ድንጋይ ብቻ ነው የሚስማማው። ይህን ሳያይ ማንኛውንም ድንጋይ የሚሸጥላችሁ ሰው አዲስ ብልጭ ድርግም እየሸጠላችሁ ነው።

አሁን ወደ ፍተሻው እንሂድ። ከድንጋዩ የሚነሳው ኤሌክትሪክ በጭንቅላቱ በኩል ወደ ሰርኪቱና ብርሃን ወደሚሰጠው ኤልኢዲ ይሄዳል። የሚመለሰው ግን በብዙዎቹ የብረት ባትሪዎች ላይ በሽቦ አይደለም፤ በራሱ በባትሪው አካል ነው። ቱቦው ሽቦ ነው ማለት ይቻላል። ከቱቦው ወደ ኋላ ክዳኑ፣ ከዚያ ወደ ማብሪያው፣ ከዚያ በሞላው ወደ ድንጋዩ ኔጌቲቭ ይደርሳል። ስለዚህ ክዳኑ በደንብ ካልጠበቀ፣ ወይም የቱቦው አፍ ከቆሸሸ ብርሃኑ ይቆራረጣል። መጀመሪያ ክዳኑንም ጭንቅላቱንም እስከ መጨረሻው አጥብቁ። አንዳንዴ ነገሩ እዚሁ ያልቃል።

ካላለቀ ክዳኑን ፍቱና የቱቦውን አፍ እዩት። ባለቀለም አሉሚኒየም ላይ ያለው ሽፋን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ጥሩ አምራች የቱቦውን ጠርዝ ያለ ሽፋን፣ ነጭ ብረቱን እንዳለ ይተወዋል። ጠርዙ ጥቁር ወይም ቅባታም ከሆነ ጥጥ አልኮል ነክራችሁ ጥረጉት፤ ሞላውንና ድንጋዩ የሚነካቸውን ብረቶች እንዲሁ። ክዳኑ የሚጠመዘዝበት ጥርስ ላይ ስስ ቅባት ቢኖር ችግር የለውም። ጠርዙ ግን ደረቅ ይሁን። ነጭ ወይም ሰማያዊ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ አልካላይን ድንጋይ አፍስሶ ይሆናል። ፈሳሹ ቆዳ የሚያቃጥል ኬሚካል ስለሆነ በባዶ እጅ አትንኩት። ጥጥ ኮምጣጤ ወይም ሎሚ አስነክታችሁ ጥረጉ፣ ከዚያ በደንብ አድርቁ።

ቀጥሎ ያለው ፍተሻ ለእኔ ከሁሉም በላይ ጠቃሚው ነው። ማብሪያው ከኋላ ክዳኑ ላይ ያለ ባትሪ ከሆነ ክዳኑን አውጡት፤ ድንጋዩ ቱቦው ውስጥ ይቆይ። በአጭር ሽቦ የድንጋዩን ኔጌቲቭና የቱቦውን ነጭ ጠርዝ አንድ ላይ ንኩ። ሽቦው ሊሞቅ ስለሚችል ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይሁን፤ ፖዘቲቩን ጫፍ ደግሞ በጭራሽ እንዳይነካ። ባትሪው ሳይቆራረጥ ከበራ ጭንቅላቱ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ክዳኑ ውስጥ ነው። ክዳኑን ወደ ውስጥ ስታዩ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ያለው ቀለበት ታገኛላችሁ። ማብሪያውን ይዞ የሚያቆመው እሱ ነው። ሲላላ ባትሪው ይቆራረጣል። ሹል ወረንጦ ቀዳዳዎቹ ውስጥ አስገብታችሁ አጥብቁት። የእኔዋ ላይ የነበረው ይኸው ነበር። ለዚህ ነው 9900 ሊሸጥልኝ የነበረው!

በሽቦውም ከተቆራረጠ ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ገባችሁ። እዚያም ሰርኪቱን የሚይዝ ቀለበት ሊኖር ይችላል። ወይም ሰርኪቱ በግፊት ብቻ ተሰክቶ ይሆናል። ወይም የኤልኢዲው ብየዳ ለቋል። ሦስት ትንንሽ ድንጋይ በፕላስቲክ መያዣ የሚገባባቸው ደግሞ ራሳቸውን የቻሉ ጣጣ ናቸው። የመያዣው ቅጠል ብረቶች ይጎብጣሉ፣ ሞላዎቹም ስስ ናቸው። እነሱን ቀስ ብላችሁ ወደ ውጪ ቀና አድርጓቸው።

አንዳንዴ ባትሪው አይጠፋም፤ ከደማቅ ወደ ደብዛዛ፣ ከዚያ ወደ ፈጣን ብልጭታ ይዘላል። ሰው «ሰርኪቱ አበደ» ይላል። ማብሪያውን ነካ በማድረግ ብርሃኑ የሚቀያየርበት ባትሪ ላይ ግን ለቅጽበት የተቋረጠ ኮንታክት ልክ እንደ ጣታችሁ ይቆጠራል። ስለዚህ ያው የላላ ነገር ነው።

ስለ ቁጥሩም ልንገራችሁ። 18650 የሚባለው ድንጋይ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት አለው። በዚህ መጠን ጥሩ የሚባለው 3500 ሚሊአምፔር ሰዓት (ድንጋዩ ምን ያህል እንደሚይዝ መለኪያ) አካባቢ ይይዛል፤ አዳዲሶቹ 4000 ገደማ ይደርሳሉ። 9900 የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ውሸት ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። እውነተኛው ከ45 እስከ 50 ግራም ገደማ ይመዝናል። በጣም ከቀለለ ውስጡ ያነሰ ነገር ነው ያለው። ጣት የምታክል ባትሪ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) የሚጽፉትም ከዚሁ ወገን ናቸው። የድሮው 60 ዋት አምፖል እንኳ 800 ሉመን ገደማ ነው የሚሰጠው።

ከሁሉ የከፋው ምክር ደግሞ «እንዲደምቅ ይሄን ሊትየም ክተትበት» የሚለው ነው። ከተለመደው የ1.5 ቮልት ድንጋይ ጋር በመጠን የሚመሳሰል ባለ 3.7 ቮልት ሊትየም አለ። ባትሪው ሁለቱንም እንደሚቀበል ካልተጻፈበት አታስገቡት። ይደምቃል፤ ከዚያ ሊቃጠል ይችላል። ዋስትናውም አብሮት ሊሄድ ይችላል። ሽፋኑ የተቀደደ ወይም ያበጠ ሊትየምም በነፃ ቢሰጧችሁ እንኳ አትውሰዱ።

ገና ልትገዙ ከሆነ እዚያው ሻጩ ፊት ክዳኑንም ጭንቅላቱንም ፍቱ። ጭንቅላቱ በሙጫ ከተጣበቀ ውስጡ ሲላላ የምታደርጉት ነገር አይኖርም፤ እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ከዚያ አብሩትና ኋላውን መዳፋችሁ ላይ መታ መታ አድርጉ፣ ክዳኑን ወደ ጎን ገፋ አድርጉ፣ አወዛውዙት። አንድ ጊዜ እንኳ ከተርገበገበ ሌላ አምጣ በሉት።

ገዝታችሁ ለመመለስ ከሆነ ደግሞ ሲቆራረጥ ቪዲዮ ቅረጹት። ስልኩ ላይ ብቻ የሚታይ መስመር ወይም እርግብግቢት ግን ማስረጃ አይሆንም። ብዙ ኤልኢዲ ብርሃኑ ሲቀነስ ዓይን በማያየው ፍጥነት እየበራ እየጠፋ ነው የሚሠራው። በዓይንም በቪዲዮም እኩል የሚታየውን ቅረጹ፤ የትኛው ቦታ ሲነካ እንደሚጠፋም አሳዩ። ብየዳ ከመነካቱ በፊት መልሱት፤ «ተከፍቷል» የሚል ሰበብ እንዳያገኝ። ሻጩ በራሱ እጅ ይዞ «ትሠራለች» ሲላችሁም ድንጋዩን እንዳያወጣው ንገሩትና እሱ እንደያዘው እናንተ መታ አድርጉ።