ቲዩብ አምፕሊፋየር በቆርቆሮ ጣሪያ ስር፦ አንድ የጎንደር በጋ ካለፈ በኋላ

የዚህ አምፕሊፋየር ጣጣ ከላይ ተደርድረው የሚያምሩት ቲዩቦች (ድምፁን የሚያጎሉት የመስታወት አምፖሎች) አይደሉም፤ ከቀፎው ስር የተደበቀችው «220 ማይክሮፋራድ፣ 450 ቮልት፣ 85 ዲግሪ» የሚል ጽሑፍ ያለባት ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅማ የምታለሰልስ ዕቃ) ናት። ሚያዝያ ላይ አናቷ አበጠ፤ ሙዚቃው ቢቆምም ስፒከሩ ማጉረምረሙን አላቆመም። ጉርምርምታው 100 ኸርዝ ከሆነ የፓወር ማጣሪያ ካፓሲተር ደክሟል ማለት ነው። 50 ኸርዝ ቢሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው የግራውንድ ሽቦ ወይም የሂተር (ቲዩቡን ከውስጥ የሚያግለው ሽቦ) መስመር ነበር።

ሻጮች ስለ ሙቀቱ ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ቲዩብ ሙቀት ይወዳል፣ ሐሳብ አይግባህ»። ይወዳል፣ ማን ካደ! ሳይግል ኤሌክትሮን አይለቅም። ጥያቄው ቲዩቡ የተፋው ሙቀት የት ይሄዳል ነው፤ ጎረቤቱ ያለችው ካፓሲተር ደግሞ ሙቀት አትወድም።

ሂሳቡ ይኸው። ኢኤል34 የሚባሉ አራት ዋና ቲዩቦች አሉ። የእያንዳንዱ ሂተር በ6.3 ቮልት 1.5 አምፔር ይጠጣል፤ አራቱ ወደ 38 ዋት። አኖዱ (ኤሌክትሮኑን የሚቀበለው ብረት) የሚችለው 25 ዋት ነው፤ ባያሱ (ሙዚቃ ሳይኖርም በቲዩቡ የሚያልፈውን ከረንት የሚወስነው ማስተካከያ) በተለመደው 70 በመቶ ላይ ሲስተካከል በእያንዳንዱ 17.5፣ በድምሩ 70 ዋት ሳያቋርጥ ይለቃል። ትንንሾቹ ቲዩቦችና የትራንስፎርመሩ ብክነት ሲጨመሩ ከሶኬት ወደ 150 ዋት ይሳባል፣ ያውም ምንም ሳይዘፈን። ድምፅ መቀነስ ሙቀቱን አይቀንሰውም። ቁጭ ያለ ሰው 100 ዋት ገደማ ሙቀት ስለሚለቅ፣ ኮርኒስ በሌለው ክፍል ውስጥ በመጋቢት ቀትር አንድ ሰው ተኩል ተጨመረበት ማለት ነው።

ከፍታውም አለ። በቻይና የተሠሩ ብዙ ዕቃዎች ጀርባ ላይ የተራራ ሥዕል ያለበት «ከ2000 ሜትር በታች ብቻ» የሚል መለያ ይለጠፋል። ጎንደር ከ2100 በላይ ናት። መለያው በዋናነት የሚያስበው ስለ ኢንሱሌሽን ነው፤ ስስ አየር ብልጭታ በቀላሉ ያሳልፋል። ግን ማቀዝቀዝም ላይ ይመጣል፤ አየራችን ከባሕር ጠለል አየር በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ቲዩቡ ውስጡ ባዶ ነው፣ አኖዱም ሙቀቱን የሚጥለው በጨረር ስለሆነ ግድ አይሰጠውም። የሚጎዱት በአየር ዝውውር የሚቀዘቅዙት ናቸው፤ ትራንስፎርመሩና ካፓሲተሮቹ።

አሁን ወደሚያናድደው። ፋብሪካው በ220 ቮልት መብራት ለካ፣ ካፓሲተሯ ላይ 430 ቮልት ዲሲ (ቀጥተኛ ከረንት) አገኘ፣ ለ450ዋ ካፓሲተር 20 ቮልት ትርፍ አለኝ ብሎ ተኛ። የእኛ መብራት ግን ማታ ሰፈሩ ምጣድ ሲጥድ ወደ 200 ይወርዳል፣ ሌሊት ሁሉም ሲያጠፋ 240 ይነካል። በ240 ዲሲው 469 ይሆናል። ሲበራ ደግሞ መብራቱን ወደ ዲሲ የሚቀይረው ዳዮድ ወዲያው ያሳልፋል፣ ቲዩቦቹ እስኪግሉ ጭነት የለም፣ ስለዚህ ከዚያም ይበልጣል። ይህ የሙቀት ችግር ብቻ አይደለም፤ ሁለት ብር ለመቆጠብ የተሠራ ስስት ነው።

ሙቀቱም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር፣ የእኛዋ ዓይነት፣ 10 ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ዕድሜው በግምት እጥፍ ይሆናል። በ85 ዲግሪ 2000 ሰዓት የሚሠራው በ75 ዲግሪ 4000 ሰዓት ይሠራል፤ በቀን 4 ሰዓት ከተደመጠ ሦስት ዓመት አይሞላም። የ105 ዲግሪው ዓይነት በዚያው 75 ዲግሪ 16000 ሰዓት፣ ማለትም ወደ 11 ዓመት ይሄዳል።

ጥገናው ቀላል ነው፣ ግን ይገድላል። ሶኬቱን ነቅላችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ በ10 ኪሎኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር የካፓሲተሩን ሁለት ጫፍ ለግማሽ ደቂቃ አገናኙ፤ ሬዚስተሩን በተሸፈነ ሽቦ ያዙት፣ አንድ እጃችሁ ኪስ ውስጥ ይሁን። ቴስተሩ ከ10 ቮልት በታች ካላሳየ ምንም አትንኩ። የሚገባው 220 ማይክሮፋራድ፣ 500 ቮልት፣ 105 ዲግሪ ነው። 500 ካልተገኘ ሁለት 470 ማይክሮፋራድ፣ 350 ቮልት በተከታታይ ማሰር ይቻላል፤ 235 ማይክሮፋራድና 700 ቮልት ይሰጣል። በእያንዳንዳቸው ላይ ግን ቮልቱን እኩል የሚያካፍል 220 ኪሎኦም፣ 1 ዋት ሬዚስተር መኖር አለበት፤ ያለዚያ አንዷ ድርሻዋን አልፋ ትፈነዳለች። ከሞተ ቴሌቪዥን የተነቀለ አታስገቡ፣ እሱም ሙቀት የበላው ነው።

አቀማመጡ ላይ መጀመሪያ የሚወጣው ከቡፌው ነው። ዳንቴሉም ይነሳ፤ የእናቶቻችን እጅ ሥራ ቢሆንም ይቃጠላል። ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ይሻላል፣ ትኩስ አየር ጣሪያው ስር ይጠራቀማልና። በየጎኑ 15፣ ከላይ 30 ሳንቲሜትር ክፍት ይሁን። እግሩን በእንጨት ቁራጭ 4 ሳንቲሜትር ከፍ ማድረግ የታችኛውን ቀዳዳ ያስተነፍሰዋል፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይኼን ነው። ከኋላ የ12 ቮልት የኮምፒውተር ፋን፣ 120 ሚሊሜትሩ፣ በ9 ቮልት የራውተር አዳፕተር ሲሠራ አይሰማም። ነፋሱ ወደ ትራንስፎርመሩና ወደ ቀፎው ስር ይሂድ። የቲዩቡ መስታወት አይፈልገውም፣ አቧራ ብቻ ነው የሚያተርፈው።

ባያስ የሚለካው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው፣ ቮልቱ ስንት እንደሆነ እያዩ። በ1 ኦም የካቶድ (ኤሌክትሮን የሚለቀው የቲዩቡ ክፍል) ሬዚስተር ላይ 40 ሚሊቮልት ማለት 40 ሚሊአምፔር ነው። ማታ በ200 ቮልት 40 ላይ ካስተካከላችሁት ሌሊት ቮልቱ ሲጨምር ከ40 በላይ ይወጣል፣ አኖዱም ሊቀላ ይችላል። የቀላ አኖድ ካያችሁ ወዲያው አጥፉ። ለፍሪጅ የሚሸጠው 500 ቪኤ ስታብላይዘር ለ150 ዋት ይበቃል፤ ሪሌው ጠቅ ጠቅ ማለቱ ግን ያበሳጫል።

ድምፁ? መሰንቆ በዚህ ሲሰማ ሌላውን አምፕ ለመሸጥ ያስመኛል። ክረምት ላይ ደግሞ ክፍል ያሞቃል፣ ያኔ ማንም አያማርርም። ካፓሲተሯ ከተቀየረች ወዲህ አልሸጠውም፤ ፋብሪካውን ግን አልመርቅም።

ያገለገለ ልትገዙ ከሆነ ሻጩ ስለ ድምፁ ሲያወራ አቋርጡትና የታችኛውን ክዳን ያስከፍቱት። 450 እና 85 ከተጻፈባት የካፓሲተርና የባለሙያ ዋጋ ይቀነስ፤ 500 እና 105 ከሆነ የጠራውን ክፈሉ።