የኮሪያ ዶሮ በባሕር ዳር፦ በሶስ የተለወሰው ወይስ ደረቁ?

አዲስ በተከፈተ የኮሪያ ዶሮ ቤት ዋናው ምርጫ ሁለት ነው፦ በሶስ የተለወሰው ያንግንዮም፣ ወይም ሶሱ ለብቻው የሚቀርብለት ደረቁ። ሁለቱም ሁለት ጊዜ ይጠበሳሉ፤ መጀመሪያ በ160 ዲግሪ ገደማ ውስጡ እስኪበስል፣ ትንሽ ካረፈ በኋላ ደግሞ በ180 ገደማ ለ2 ወይም 3 ደቂቃ። ሁለተኛው ጥብስ ከሥጋው ወደ ቅርፊቱ የወጣውን እርጥበት ያደርቃል። እሱ ከተዘለለ ቅርፊቱ ገና ሳህን ላይ እያለ ይለሰልሳል።

የያንግንዮም ሶስ መሠረቱ ጎቹጃንግ ነው፤ ከበርበሬ፣ ከሩዝና ከአኩሪ አተር ተብላልቶ የሚሠራ፣ ድልህ የሚመስል። ነጭ ሽንኩርትና ስኳር ስለሚጨመርበት አዋዜ የለመደ ምላስ መጀመሪያ «ይኼማ ጣፋጭ ነው» ይላል። ማቃጠሉ ዘግይቶ ይመጣል። ያኔ ውሃ ብዙም አይረዳም፤ አብሮ የሚቀርበውን በኮምጣጤና በስኳር የተዘፈዘፈ ነጭ ራዲሽ ንከሱበት።

እዚያው ለሚበላ ያንግንዮም ይበልጣል፣ ወሬ ሳይበዛ በትኩሱ ከተበላ። በባጃጅ ጣና ዳር ወስዶ ለሚበላ ግን ደረቁ ነው፤ ሶሱን ለብቻ አስይዙ። ፌስታሉን አትቋጥሩት፣ የካርቶኑንም ክዳን ገርበብ አድርጉት። እንፋሎቱ ከታፈነ ያ ሁሉ ጥብስ ቅቅል ሆኖ ይደርሳል።