አረቄ ማውጫ ለምትገዙ፦ ሸክላ፣ በርሜል፣ ስቴንለስ ወይስ መዳብ?

ጥምቀት በቀረበ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። «በርሜሉ ርካሽ ነው፣ መዳቡ ግን ውድ ነው፤ የቱን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ነው ሁልጊዜ። አንዷ ጓደኛዬ ሳትጠይቀኝ በርሜሉን ገዝታ 3,500 ብሯን ውኃ በላው፤ ስለዚህ የማውቀውን ልጻፈው።

መልሴን ቀድሜ ልናገር፦ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ የምታወጡ ከሆነ ትንሽ የመዳብ ድስት ግዙ። 40 ሊትር የሚይዝ ይበቃል።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያወጣችው በሸክላ ነው። ጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ የመጣ እንስራ፣ ከመክደኛው የሚወጣ መቃ፣ ውኃ ውስጥ የተቀመጠ መቀበያ ገንቦ፤ ሌላ ምንም የላት። የሸክላ አረቄ ጣዕም ላይ አፌን አልከፍትም። ችግሩ ሂሳቡ ነው። አንዱን እንስራ በ700 ብር እየገዛሁ በአንድ ዓመት አራት ሰበርኩ፤ 2,800 ብር ሆነ። ሁለቱ የተሰነጠቁት ደግሞ እሳት ላይ እያሉ ነው። ዳጉሳው፣ ብቅሉና ጌሾው ለአንዱ ድፍድፍ 2,000 ብር ወስዶብኝ ነበርና፣ አመድ ውስጥ የፈሰሰው ሌላ 4,000 ብር ነው። እስኪሞቅ የሚበላውን እንጨት አልቆጠርኩትም።

በርሜሉን በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት። ቀድሞ ምን እንደተያዘበት ማን ያውቃል? ድፍድፍ ኮምጣጣ ነው፤ ቀለሙንም ዚንኩንም ይልጣል። ማቀዝቀዣ ተብሎ አሮጌ የመኪና ራዲያተር የሚገጠምለት ደግሞ ይባስ፤ ብየዳው እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት። እርሳስ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ኩላሊት ይጎዳል፣ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ሌላም ነገር አለ። አንድ ቀን ገለባ ቱቦዬን ደፈነው። በሊጥ የለጠፍኩት መገጣጠሚያ አበጠ፣ ፉጨት አሰማ፣ ከዚያ በአንድ በኩል ተቀዶ እንፋሎቱ ወጣ፤ እኔም እሳቱን ሳብኩ። ሊጡ ነው ያተረፈኝ። በቡሎን የተጠረቀመ በርሜል እንዲህ ያለ መተንፈሻ የለውም፤ ሲፈነዳ ነው የምታውቁት።

ስቴንለሱን አልጠላውም። አይዝግም፣ ሲያጥቡት ወዲያው ይጠራል፤ በ14,000 ብር አግኝቼ ነበር። ግን ሙቀት አያከፋፍልም፤ መዳብ ከእሱ ከ20 ጊዜ በላይ ሙቀት ያስተላልፋል። ስለዚህ ወፍራም ድፍድፍ ስቴንለስ ላይ ከስር ይያዛል፣ የማረር ሽታውም አረቄው ውስጥ ይገባል። ድፍድፍ ሲብላላ የሚፈጥረውን የድኝ ሽታ ደግሞ መዳብ ይዞ ያስቀረዋል፤ ብረት ያሳልፈዋል። ገንዘብ ካጠራችሁ ድስቱን ስቴንለስ፣ መክደኛውንና ቱቦውን መዳብ አድርጉት፤ እንፋሎቱ መዳብ ነክቶ ማለፉ ነው ዋናው።

አሁን ወደ መዳቡ። የመጀመሪያዬን በ11,500 ብር ስገዛ ዋጋው ቀንሶልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ወር ቂጡ ላይ ቀዩ ተልጦ ጥቁር ብረት ብቅ አለ፣ ስፌቱም ማንጠባጠብ ጀመረ። አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ማግኔት አስጠጉበት፤ ጥብቅ አለ። ከዚያ ስፌቱን በምስማር ፋቅ አድርገው ፍቅፋቂውን ነጭ ወረቀት ላይ አሹት፤ እንደ መጻፊያ እርሳስ ጻፈ።

«ልጄ፣ መዳቡ ቅብ ነው፤ ብየዳው ደግሞ መርዝ ነው። ይሄን አልጠግንልሽም» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሆዱን ትቼ ስፌቱን ነው የማየው። ቅዳሜ ገበያ ስትወርዱ ማግኔትና ትንሽ ሞረድ ያዙ። ማግኔቱ ከያዘ ጥላችሁ ሂዱ። ጠርዙን በሞረድ ስትነኩት እስከ ውስጥ ቀይ መሆን አለበት። ስፌቱ ሪቬት (ሁለቱን ጠርዝ የሚያያይዝ ምስማር) የተመታ ወይም የብር ማዕድን ባለበት ብየዳ የተበየደ ይሁን፤ ግራጫና ለስላሳ ከሆነ አትንኩት። ሚዛን ላይም አስቀምጡት፤ የእኔ ከነክዳኑ 8 ኪሎ ነው፣ በ19,000 ብር የገዛሁት። ቢያረጅ መዳቡ በኪሎ ይሸጣል፣ የሸክላ ስባሪ ግን ማንም አይገዛችሁም። ቢጎደጉድም አንጥረኛ ቀጥቅጦ ይመልሰዋል።

አረንጓዴ ዝገት ሲያወጣ ግን መርዝ ነውና ሳታጥቡ አታውጡበት፤ ሎሚና ጨው ይበቃዋል። ከሩቡ በላይ ባዶ ተዉለት፣ ካልሆነ ገንፍሎ ቱቦው ውስጥ ይገባል። እሳቱን ቀነስ አድርጉ፣ የመቀበያው ውኃ ሲሞቅ ቀይሩ። መጀመሪያ የሚወርደውን፣ አፍንጫ የሚሰነፍጠውን፣ በየትኛውም ዕቃ ብታወጡ ድፉት።

የእኔ መዳብ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። እስካሁን ለጥገና ያወጣሁበት 300 ብር ነው፤ እሱም ወድቆ አፉ ስለተጣመመ።