ዴልአጓ የውኃ መመርመሪያ ሻንጣ፦ ለጉድጓዱ ይበቃል፣ ለሐዋሳ ሐይቅ ግን ብቻውን አይበቃም

ዴልአጓ በእንግሊዝ አገር በሰሪ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ በአንድ ሻንጣ የተሰበሰበ ትንሽ ላቦራቶሪ ነው። ማጣሪያው፣ የእጅ ፓምፑ፣ በባትሪ የሚሠራው ኢንኩቤተር (ባክቴሪያው በሙቀት የሚራባበት ሳጥን)፣ የክሎሪንና የድፍርስነት መለኪያው አብረው ይመጣሉ። ለቦኖ፣ ለእጅ ፓምፕና ለጎለበተ ምንጭ የሚሆን የመስክ ዕቃ ለሚፈልግ የወረዳ ውኃ ባለሙያ ያለ ማመንታት እንመክረዋለን። ለሐዋሳ ሐይቅና ወደ ሐይቁ ለሚገባው ጥቁር ውኃ ወንዝ የሚያስብ ግን እስከ መጨረሻው ያንብብ።

አሠራሩ ቀላል ነው። 100 ሚሊ ሊትር ውኃ 0.45 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ባለው ሜምብሬን (ስስ የማጣሪያ ወረቀት) ላይ ይጣራል፤ ባክቴሪያው ከላይ ይቀራል። ሜምብሬኑ ሎሪል ሰልፌት ብሮዝ የተባለውን ቀይ ሚዲያ (የባክቴሪያ ምግብ) በጠጣ ፓድ፣ ማለትም ፈሳሽ መጣጭ ክብ ወረቀት፣ ላይ ይነጠፋል፤ የተጎዳው ባክቴሪያ እንዲያገግም ቢያንስ 1፣ ቢበዛ 4 ሰዓት ውጭ ይቆይና በ44 ዲግሪ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ኢንኩቤተር ውስጥ ያድራል። ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆኑት ቢጫ ኮሎኒዎች (ባክቴሪያው ተራብቶ የሚሠራቸው ነጠብጣቦች) ይቆጠራሉ። ሮዝና ቀለም አልባ የሆኑት አይቆጠሩም። ቆጠራው ከኢንኩቤተር በወጣ በ15 ደቂቃ ውስጥ ካላለቀ፣ ሲቀዘቅዝ ቀለሙ ስለሚቀየር ቁጥሩ አይታመንም። ለመጠጥ ውኃ የሚፈለገው መልስ በ100 ሚሊ ሊትር 0 ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማጣሪያውን ከጀርም ሲያጸዳ ነው። 1 ሚሊ ሊትር ያህል ሜታኖል በናሙና መቅጃው ጽዋ ውስጥ ይጨመርና ይለኮሳል። ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል፤ እጅ ከማስጠጋትዎ በፊት ልብ ይበሉ። እሳቱ ሊጠፋ ሲቃረብ ማጣሪያው ከላይ ተደፍቶ ይታፈናል። አየር ያጠረው ሜታኖል በደንብ ሳይቃጠል ፎርማልዲሃይድ ጋዝ ይፈጥራል፤ ጀርሙን የሚገድለውም ይኸው ጋዝ ነው። ስለዚህ 15 ደቂቃ ሙሉ ተዘግቶ ይቆይ። ከፋርማሲ የሚገዛው የቁስል አልኮል ይህን ሥራ አይሠራም፤ እሳቱ ቢያምርም ጋዙ የለም። ከዚያ በኋላ ጽዋውን በሚመረመረው ውኃ ደጋግሞ ማለቅለቅ ግድ ነው። የቀረው ጋዝ የናሙናውን ባክቴሪያ ከገደለ የተበከለው ውኃ ንጹሕ መስሎ ይወጣል፤ ከስህተቶች ሁሉ አደገኛው ይህ ነው። ሜታኖል ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ስለሆነ ጠርሙሱ ላይ በአማርኛ ጽፈው ይለጥፉበት።

ሚዲያው 38.1 ግራም ዱቄት በ500 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ ነው፤ ለአንድ ፓድ 2.5 ሚሊ ሊትር ብንይዝ 200 ምርመራ ያህል ያሠራል። በትንንሽ ጠርሙስ ተከፋፍሎ በፕሬዠር ድስት ይቀቀላል። እዚህ ላይ ከፍታው ይቆጠር፤ ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች፣ በባሕር ዳርቻ 121 ዲግሪ የሚደርስ ፕሬዠር እዚህ 118 አካባቢ ይቀራል። መመሪያው ላይ ካለው ሰዓት በላይ ይቀቅሉ። ሳይከፈት ቢጫ የሆነ ጠርሙስ ተበክሏልና ይደፋ።

ወደ ሐይቁ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። በሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ ከአሞራ ገደል የተቀዳን አረንጓዴ ውኃ 100 ሚሊ ሊትር አጣራለሁ ማለት ሜምብሬኑን መድፈን ነው፤ ቢያልፍም ኮሎኒው ተደራርቦ አይቆጠርም። 10 ሚሊ ሊትር፣ ከተቻለ 1 ሚሊ ሊትርም ጎን ለጎን ይሠራ። ትንሹ ናሙና ከጀርም በጸዳ ውኃ ተቀጥኖ ካልተጣራ ባክቴሪያው አንድ ጥግ ይከማቻል። በ10 ሚሊ ሊትር 23 ቢጫ ኮሎኒ ከተቆጠረ መልሱ በ100 ሚሊ ሊትር 230 ነው። ጠርሙሱ ጭቃ ሳይረገጥ፣ ከላዩ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ገባ ተደርጎ ይቀዳ፤ በበረዶ ሳጥን ተይዞ በ6 ሰዓት ውስጥ ይጣራ። የቀትር ፀሐይ የሰገራ ምልክት የሆነውን ባክቴሪያ ኢኮላይን ስለሚገድል የጠዋትና የቀትር ናሙና አይወዳደርም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ሌላ ነው። ሻንጣው የሚቆጥረው የሰገራ ምልክት የሆኑትን ባክቴሪያዎች ነው። ኮሌራን የሚያመጣው ባክቴሪያ ቪብሪዮ ግን ሰገራ ባይጨመርበትም በተፈጥሮ ውኃ ውስጥ ከጥቃቅን እንስሳት ጋር ተጣብቆ መኖር ይችላል። እሱን ለማግኘት ናሙናው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 8.6 በሆነ አልካላይን ፔፕቶን ውኃ በተባለ ፈሳሽ ሚዲያ ከ6 እስከ 8 ሰዓት መዳበር፣ ከዚያ ቲሲቢኤስ አጋር በተባለ የረጋ ሚዲያ ላይ ተዘርግቶ በ37 ዲግሪ ከ18 እስከ 24 ሰዓት መቆየት አለበት። እዚያም ቢጫ ኮሎኒ ይታያል፤ ነገር ግን በሴረም ምርመራ ሳይረጋገጥ ኮሌራ ነው አይባልም። ኢኮላይ ኦ157 የሚባለው አደገኛ ዝርያም በ44 ዲግሪ በደንብ ስለማያድግ ከሻንጣው ያመልጣል። አሞራ ገደል ላይ ዓሣ በጥሬው በአዋዜ ይበላል። ዓሣው በሐይቁ ውኃ ከታጠበ የዴልአጓ 0 ለዚያ ሳህን ዋስትና አይሆንም፤ ይህን ለነጋዴዎቹ በግልጽ መንገር ከባለሙያው ይጠበቃል።

ለመግዛት የወሰነ ሰው ሻንጣውን ብቻ ሳይሆን ሜምብሬን፣ ፓድና ዱቄት ለአንድ ዓመት የሚበቃ አብሮ ይዘዝ፤ ሥራ የሚያቆመው አብዛኛውን ጊዜ የእነሱ ማለቅ ነው። ለየብቻው የሚነበብ ጥሩ ቴርሞሜትርም ይያዝ፤ ኢንኩቤተሩ ከ44 ዲግሪ በግማሽ ዲግሪ በላይ ወይም በታች ከሄደ ሳይስተካከል ናሙና አይግባበት። በየዙሩ አንድ ምርመራ ከጀርም በጸዳ ውኃ ይሠራ፤ እዚያ ላይ ቢጫ ከታየ የዕለቱ ውጤት በሙሉ ይሰረዝ።